የምሳ ፈተና

ባለቤቴ መካኒክ የሚቀጥረው ምሳ አብልቶ ነበር። ይህን ስናገር የዛሬ ወጣቶች ይስቃሉ። እሱ ካረፈ በኋላ በለቅሶው ሰሞን ሊያጽናናኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀም። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እነሱ መሥሪያ ቤትም አንድ ሰው ችሎታው ከተፈተነ በኋላ «ከባህላችን ጋር ይሄዳል ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ እንዳለ፣ ብዙ ጎበዝ ልጅም በችሎታው አልፎ በዚያ ጥያቄ እንደሚወድቅ ነገረኝ። «ጋሼ ከኛ ቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው» አለ። አዎ፣ ያውቀው ነበር። መጥፎ ጎኑንም አንድ ጊዜ አይቶታል። ልጽፍ የፈለግሁት እሱን ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ገጹን ሳልጨርስ እጄ ይዝላል፤ አንዳንዴም ከዓረፍተ ነገሩ መሀል የሱ ንግግር ትዝ ይለኝና ብዕሩን አስቀምጬ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። በደቡብ ቆላ፣ ከሲቀላ ከተማ ዳር፣ ከሐይቁ ወዲህ ባለው ሜዳ የመንግሥት የጥጥ እርሻ ነበር፤ ባለቤቴ የእርሻው ጋራዥ ኃላፊ ነው። ትራክተሩም፣ የጭነት መኪናውም፣ ከሐይቁ ውኃ የሚስበው ፓምፕም የሚታከሙት እሱ ጋ ነው። ሠራተኞቹ «ካፖ» ይሉታል፣ አለቃ ለማለት፤ ጣሊያን ለጋራዥ ሰዎች ትቶት የሄደው ቃል ነው። እሱ የሸዋ ሰው ነው። እኔ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ሲቀላ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ቤታችን በጋራዡና በትምህርት ቤቱ መካከል ነበር። ይሁን እንጂ ከተጋባን ጀምሮ የሥራ ቀን ምሳ አብረን በልተን አናውቅም፤ የሱ ምሳ የጋራዡ ነበር።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ ማንም ለብቻው አይበላም። ብረት ከሚቀርጸው የቶርኖ ማሽን ጀርባ፣ ጥላ ባለበት፣ የጋራዡ ሽማግሌ በያጅ ከበርሜል ክዳን ቀጥቅጠው የሠሩት ትልቅ ትሪ ነበር። ቀትር ላይ ሞተሩ ሁሉ ጸጥ ሲል እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን እዚያ ላይ ይዘረግፋል። ከደጋ የወረዱት ቆጮ፣ ወላይታው ኤሌክትሪሺያን የበቆሎ ቂጣና «ሀለኮ» የሚሉትን የተቀቀለ የሽፈራው ቅጠል፣ የኔው ሰው እንጀራ፣ ዓሣ የቀናው ደግሞ ዓሣ። ረቡዕና ዓርብ ኦርቶዶክሶቹ ስለሚጾሙ ጴንጤዎቹም ሥጋ ይዘው አይመጡም ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ጴንጤ ነው፤ «ፓስተራችን ሳይሰማ ጾመኛ አደረጋችሁን» እያለ ሀለኮውን ይጠቀልላል። እኔ የሱን ምሳ ስቋጥር ለአንድ ሰው ቋጥሬ አላውቅም። ሚስቶቹ ሁላችንም እንዲሁ ነበርን፤ የማናችን ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ፣ እንደተወደደ፣ የማናችን ቂጣ ትሪው ላይ እንደተረፈ ማታ እንሰማለን።

አዲስ ሠራተኛ ሲፈለግ የእርሻው አስተዳደር በወረቀት ይፈትናል። ከዚያ ባለቤቴ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አንድ ሻካራ ብረት ያስርና ሞረድ ያቀብለዋል፤ «እስቲ አራት ማዕዘን አድርግልኝ» ይላል። ሰውየው ሲሞርድ ካየው በኋላ «ምሳ ደርሷል፤ አብረን እንብላና ትሄዳለህ» ይለዋል። ተፈታኙ ፈተናው ያለቀ ይመስለዋል። «ሰው ሲሠራ ራሱን ይደብቃል፤ ሲርበው ግን አይችልም» ይል ነበር ባለቤቴ። ሞረድ መያዝ ይማራል፤ ከሰው ጋር መዋልን ግን ከእናቱ ቤት ይዞ ካልመጣ እኔ አላስተምረውም ባይ ነው።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር። አንድ ጊዜ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን ከድምፁ የሚለይ መካኒክ መጣ። ትሪው ላይ ሲቀርብ የዓሣውን መሀል ወደ ራሱ ሰብስቦ፣ እየበላ የቀድሞ አለቃውን ደደብነት ሲተርክ ዋለ። በያጁ አፋቸውን ጠርገው «እጁ ወርቅ ነው፤ ነገ ግን ለሌላ ጋራዥ የሚተርከው እኛን ነው» አሉ። አልተቀጠረም። ሌላ ጊዜ ሞረዱን እንደ መጥረጊያ የያዘ ሰው መጣ። እሱ ደግሞ በያጁ ጥርስ እንደሌላቸው አይቶ፣ እሾሁን እየለቀመ ለስላሳውን ዓሣ ወደሳቸው ገፋ ገፋ ያደርግ ነበር። ተቀጠረ። ሞረድ አያያዙን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ባለቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጸጸተበትም።

የመጨረሻው ፈተና እኔ ጋ ነበር። ሊቀጥሩት ያሰቡትን ሰው እሑድ ቤት ይጠራዋል። ሰውየው ሲሄድ ወደኔ ዞሮ «እንዴት አየሽው?» ይላል። ደመወዝ የሌለው ሥራ ነበር፤ እኔ ግን እወደው ነበር።

ነገሩን ሁሉ የለወጠውን እንግዳ ያወቅሁትም በዚህ መንገድ ነው። ፓምፕ የሚጠግነው ሠራተኛ ወደ ሀገሩ ተዛውሮ ቦታው ባዶ ሆነ። በኛው ደጋ፣ በካምባ በኩል የተወለደ፣ አዋሽ ሸለቆ እርሻ ላይ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ አንድ ጎልማሳ አመለከተ። እናቱ ታማለች፤ ወደሷ መቅረብ ፈልጓል። እዚህ ካልተሳካለት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ አዋሽ ይመለሳል፤ እናቱንም በሩቅ ሆኖ ይቀብራል። ይህን ራሱ አልተናገረም፤ ከማመልከቻው ጋር የመጣ አንድ ዘመዱ ነው ለአስተዳደሩ የነገረው።

የወረቀቱን ፈተና አለፈ። ብረቱንም እንደ ማንኛውም ደህና መካኒክ ሞረደ። ምሳ ሲደርስ «ና፣ ቅረብ» አሉት። ምስጋና አቅርቦ፣ ከቦርሳው የራሱን ቋጠሮ አወጣና ከሞርሳው አጠገብ ሄደ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጀርባውን ለነሱ ሰጥቶ በላ።

ያን ማታ ባለቤቴ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። ጋራዡ በሙሉ ተቀይሟል። «ንቆናል» ብለዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ እንደ ልማዱ ቀለደ፤ «እኛ ምን አገባን? የተግባባው ከግድግዳው ጋር ነው፤ ግድግዳው ይቅጠረው!»

«አንተስ ምን አልክ?» አልኩት።

«ምን እላለሁ። ኩሩ ሰው ነው። ሰው እየጠራው ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ፓምፕ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሆን ማንን ይጠራል? አይገጥመንም።» ባርኔጣውን ሰቀለና «ከምሳው በፊት እሑድ ና ብዬዋለሁ፤ ያልኩትን አላጥፍም። ይምጣና ይብላ። ሰኞ ለአስተዳደሩ እነግራለሁ» አለ።

እሑድ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ ጋ ቆመ እንጂ አልገባም። ባለቤቴ «ግባ እንጂ!» ሲለው ጫማውን አውልቆ ከመድረኩ አጠገብ፣ ከመሬቱ ተቀመጠ። ወንበር ብንሰጠው እምቢ አለ። ውኃ በኩባያ ሳቀርብለት ኩባያዬን አልነካም፤ ከኪሱ የራሱን የቆርቆሮ ኩባያ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ውኃውን እዚያ እንድገለብጥለት ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅ ሆኜ፣ ጨንቻ የገበያ ቀን፣ ማረሻና ቢላዋ ቀጥቅጠው የሚያመጡ ሰዎች ግቢያችን ይመጡ ነበር። አጥሩ ላይ ለነሱ ብቻ የተሰቀለ የተሰነጠቀ ቅል ነበር። ውኃ በሱ ይጠጣሉ፤ ደጃፉን አያልፉም፤ ከኛ ሳህን አይበሉም። የሚጠሩበት ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም። እኛ የምናርሰው እነሱ በሠሩት ማረሻ ነው፤ አብረናቸው ግን አንበላም። እነሱም ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል፤ አንድ የማያውቅ ሰው በስህተት ወደ ማዕዱ ቢጠራቸው ራሳቸው ዘወር ይላሉ። እንግዳውም ከነሱ ወገን ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ንቆ አልነበረም። ጋራዡን ከኀፍረት እያዳነ ነበር። እነሱ ኩራት ያሉት የሱን ይሉኝታ ነው።

በጋሞኛ «ሀገርህ ለኔም ሀገሬ ነው። ተነሥና ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በዚያው ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታው አላወቁም መሰለኝ» አለ።

«አላወቀም።»

«እንግዲያው እሳቸው ሳያውቁ አያብሉኝ፤ ኋላ ይጸጸታሉ። የኮባ ቅጠል ካለዎት በሱ ላይ ያድርጉልኝ። ቅጠል ይጣላል።»

ባለቤቴ ከአንዳችን ወደ አንዳችን እያየ «ምን ትላላችሁ?» ይላል። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁና ከሙዙ ሦስት ሰፋፊ ቅጠል ቆርጬ፣ አጥቤ ተመለስኩ። አንዱን ለእንግዳው፣ አንዱን ለባለቤቴ፣ አንዱን ለራሴ ዘረጋሁ። ወጡን በሦስቱም ላይ አወጣሁ።

«ሳህኑ ሁሉ ተሰበረ እንዴ?» አለ ባለቤቴ።

«ዛሬ በዚህ እንበላለን።»

«ደግ። የበዓል ቀን መሰለኝ» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወንበሩ ላይ አልወጣም፤ እኛ ነን ወርደን ከመሬቱ የተቀመጥነው። አጎንብሶ፣ ቀስ እያለ በላ። ፊቱ ግን ወደኛ ነበር።

ሲሄድ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማስረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። እሱ ሀገርም ቀጥቃጭ አለ፤ «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» እያሉ ልጅ ይደብቁባቸዋል። ቅጠሎቹን እየሰበሰበ አዳመጠኝና «ጋራዥ ልገባ ከቤት የወጣሁ ቀን አጎቴ ምን አለኝ መሰለሽ» አለ። «‹የጨዋ ልጅ ሆነህ ብረት ልትቀጠቅጥ ነው? ስትመጣ በጓሮ በር ግባ› አለኝ። እስኪሞት ድረስ ደመወዜን ተቀበለኝ፤ ከኔ ጋር ግን አልጎረሰም።» እየሳቀ ነበር የሚነግረኝ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም።

«እንዴት አየሽው?» አለኝ ኋላ፣ እንደ ልማዱ።

«ይገጥማል። ትሪው ነው የማይገጥመው» አልኩት።

ሰኞ ለአስተዳደሩ «ቅጠሩት» ብሎ ተናገረ። ለጋራዡ ምክንያቱን አልተናገረም፤ እንግዳው ሲወጣ ለሌላ ሰው እንዳይነገር በቋንቋችን ለምኖኝ ነበርና። ግን የደጋ ሰው ነገር ተደብቆ ያድራል? በያጁ በገበያ ቀን ከካምባ የመጣ ሰው ጠይቀው፣ የሰውየውን አባት፣ የአባቱን አባት፣ መንደሩን አጣርተው መጡ። በማግስቱ ጋራዡ ሁሉ አወቀ። ይገርማል፤ መጀመሪያ የተቀየሙት አልበላ ስላላቸው ነው፤ አሁን ደግሞ እንዳይበላ ፈሩ።

ባለቤቴ በያጁን ለብቻቸው ያዛቸው። «አባባ፣ ይህን ትሪ ማን ቀጠቀጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«ጠዋት ከገቡ ጀምሮ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ?»

«የት እንደምትሄድ ገብቶኛል» አሉት። «ብረት ለኔ ሥራዬ ነው፤ ዘሬ አይደለም። እኔ ሠርቼ ታጥቤ እገባለሁ። እሱ ምኑን ይታጠባል?»

ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ የሳቸውን ድምፅ አስመስሎ ነበር፤ አልተናደደባቸውም። ይወዳቸው ነበር። ብየዳ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ለጋብቻ ሲጠይቅ አባቴ ቤት ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ነበሩ።

ወሬው ከእርሻው ካድሬ ጆሮ ደረሰ። ካድሬው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ነገር ሁሉ በስብሰባ የሚፈታ ይመስለዋል። እኔ በዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤት የተረሳውን የጋራዡን ቁልፍ ለባለቤቴ ላቀብል ሄጄ ስለነበር በጆሮዬ ሰማሁ።

«ጓድ፣ ይህ የፊውዳል ቅሪት ነው» አለ ካድሬው። «ዓርብ ሠራተኛውን በሙሉ እንሰበስባለን። እዚያው መድረክ ላይ ሁሉም ከሱ ጋር ይጎርሳል። ፎቶ ይነሣል።»

«ዓርብማ ጾም ነው፣ ጓድ» አለ ባለቤቴ።

«እየቀለድክ ነው?»

«አልቀለድኩም። በትእዛዝ የተጎረሰ ከስብሰባው በኋላ ይተፋል። ያን ጊዜ ይህ ሰው በግድ የጎረሱት ሰው ሆኖ ይቀራል። ይጠሉታል። አሁን ገና አልጠሉትም፤ ፈርተውታል ብቻ። ተወኝ፤ ምሳው የኔ ነው።»

«ቅሪቱን እየተከላከልክለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ቁልፉን ይዤ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ባለቤቴ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሰውየው ተቀጥሯል፣ ፓምፑ ውኃ እየሳበ ነው። የጎደለው ምሳ ብቻ ነው። እሱን ለኔ ተውልኝ» አለ። ካድሬው ጥቂት አየውና «እናያለን» ብሎ ሄደ። ስብሰባው ቀረ፤ ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዲሱ ሠራተኛ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ምሳውን ያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላ ነበር። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን የራሱን ምሳ ይዞ ወደሱ ሄደ። ሰውየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ካፖ፣ ስለ እናቴ ብለው ይተዉኝ። እርስዎ ዛሬ ከኔ ጋር ቢበሉ ነገ እነሱ ከእርስዎ ጋር አይበሉም። ያንን ደግሞ በኔ ያሳብባሉ። እኔ የመጣሁት ሥራ ፈልጌ ነው፤ ምሳዬን አውቅበታለሁ።»

እንግዲህ ባለቤቴ መሀል ቀረ። ከሰውየው ጋር እንዳይበላ ሰውየው ራሱ ለመነው። ያ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ እያየ ደግሞ ከትሪው መጉረስ አቃተው። «አይወርድልኝም» አለኝ። ማንንም አልተቆጣም፣ ማንንም አላዘዘም። «ጨጓራዬን አሞኛል፤ ሐኪም የቤት ምግብ ብሎኛል» አላቸውና በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ይመጣ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ስጽፍ ቀስ የምለው ደክሞኝ አይደለም፤ እንዳያልቅብኝ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ሸሚዙን አውልቆ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። የሲቀላ ቀትር እንደምታውቁት ነው፤ አሞራ እንኳ አይበርም። ከሐይቁ ትንሽ ነፋስ ስትመጣ «መጣችልን» ይላል፣ እንደ እንግዳ። ያን ያህል ዘመን በትዳር ኖሬ ባሌ እንዴት እንደሚበላ አላውቅም ነበር። የእንጀራውን ዳር ዳር ጨርሶ ነው ወደ መሀል የሚገባው። በርበሬ ሲያቃጥለው አያቆምም፤ ያዜማል። ማታ ደክሞ ስለሚገባ የማይነግረኝን ነገር ሁሉ በቀትር ይነግረኝ ጀመር፤ የእናቱን፣ የመጀመሪያ አለቃውን፣ ልጅ ሆኖ የወደዳትን ልጅ ሳይቀር። እኔም የተማሪዎቼን ጉድ እነግረዋለሁ። በልተን ስንጨርስ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጥቂት ያሸልባል፤ እኔ ደብተር አርማለሁ። የጋራዡ ትሪ ያለ እሱ መቅረቱ ያሳዝነኝ ነበር፤ ግን ከልቤ አልነበረም።

ጨጓራው ግን መዘዝ አመጣ። ከተማው አመነ። ጎረቤቶች ተልባ ይልኩ ጀመር። የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት የሽፈራው ቅጠል አድርቃ ላከች። በያጁ ከደጋ የጨጓራ ሥር አስመጥተው ራሳቸው ይዘውለት መጡ፤ ምርር ያለ ነገር ነው። ከፊታቸው ሆኖ ጨለጠው። ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ «ይፍቀዱልኝና ውኃ...» ሲል እኔ ወደ ጓዳ ሮጬ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በጋራዡም ትሪው ብዙ አልቆየም። ባለቤቴ ከምሳው ከቀረ በኋላ አንዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዱ ቀድሞ ይበላል፣ አንዱ «ትናንት የኔን ቆጮ ማን ጨረሰው?» ይላል። እንዲያ እንዲያ እያለ እያንዳንዱ ቋጠሮውን ይዞ ወደየጥጉ ሄደ። ኤሌክትሪሺያኑ «አሁን ሁላችንም ግድግዳ ግድግዳ እያየን ነው የምንበላው፤ ከአዲሱ ሰው የተማርነው ይህን ነው» አለ አሉ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ግን አልሳቀም። ያን ትሪ እሱ ነው ያቆመው። ሥራ ማለት ለሱ በቀትር አብሮ መቀመጥ ነበር፤ ሌላው ብሎን ማጥበቅ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በያጁ መጡ። ማንጎው ሥር አገኙን። ሳህን ሳቀርብላቸው «በልቻለሁ» አሉ፤ እንዳልበሉ ያስታውቃል።

«ጨጓራህ እንዴት ነው?» አሉት።

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«ደህና መሆኑንማ አውቃለሁ። ያን ሥር የታመመ ሰው በአንድ ትንፋሽ አይጠጣውም። ስለምን እንደቀረህ የጠፋኝ መስሎህ ነው?» ቆዳው የተቃጠለውን እጃቸውን አሹ። «ምሳው ምሳ አልሆን አለ። ተመለስ።»

«እሱስ?»

«እሱ ይብላ እንጂ፤ ማን ከለከለው?»

«ከትሪው?»

«እንዴ! ከአንድ ትሪ? አባቴ ከመቃብሩ ይነሣል!»

«ይነሣ፣ አባባ። ጠጋ ጠጋ ብለን ለሳቸውም ቦታ እንፈጥራለን።»

በያጁ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ ቀደማቸው። ጥርስ የሌለው አፋቸው ተከፍቶ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የመጡበት ጉዳይ እዚያው ነበር።

«ሁለት ትሪ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ እቀጠቅጣለሁ። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሱ በሱ፣ እኛ በኛ። ፊቱን ወደኛ ያድርግ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ አርጅቻለሁ።»

ባለቤቴ አሰበ። «ትሪዎቹ ዳር ለዳር ይነካካሉ?»

«ይነካኩ።»

«ደግሞ እኔ አልጠራውም። እርስዎ ነዎት የሚጠሩት።»

«ምን ብዬ?»

«ና ምሳ ብላ ብለው።»

በያጁ ጠሩት። ይህን ያየው ኤሌክትሪሺያኑ ነው የነገረን። ትልቁ ሰው ከሞርሳው አጠገብ ሄደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነገ ከኛ ጋር ብላ» አሉት። ሁሉም እሺ ይላል፣ እንዲያውም እግራቸውን ይስማል ብለው ጠበቁ። ሰውየው አፉን ጠርጎ «አባባ፣ አስቤ ልንገርዎት» አለ። ሁሉም ወደ በያጁ ዞሮ አየ። ኤሌክትሪሺያኑ «ጉድ ፈላ! አሁን ደግሞ እኛ ነን የተፈተንነው» አለ። ሰውየው ለሁለት ቀን ያህል አንድም መልስ አልሰጠም። በያጁ አዲሱን ትሪ እየቀጠቀጡ «ምን ያስባል? ምሳ ነው ያልኩት፤ ሴት ልጄን አልሰጠሁት!» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። የሚያጉረመርሙት ግን እምቢ እንዳይላቸው ፈርተው ነበር ይላል ባለቤቴ።

በመጨረሻ እሺ አለ። «እመጣለሁ። ግን ግድግዳውን ለምጄዋለሁ፤ ቀስ በሉልኝ» ነው ያላቸው።

ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ምሳ ቋጥሪልኝ አለኝ። ቋጠርኩለት፣ እንደ ድሮው ለብዙ ሰው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንጎው ሥር እንደማይቀመጥ ሁለታችንም አውቀናል። «ደህና ዋዪ» አለ፤ ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ያጣው ሰው ይመስላል። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ልቤ ጋራዡ ነበር። ቢጣሉስ? ሰውየው ዳግመኛ ፊቱን ቢያዞርስ? ወደ አዋሽ ቢመለስስ?

በቀትር ቤት ገብቼ ለብቻዬ ሳህን ላቀርብ ስል የግቢው በር ተበረገደ። ባለቤቴ ነው፤ ከጋራዡ ሮጦ መጥቶ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ደነገጥኩ።

«ምን ሆነ?»

«ዳጣው!» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«የምን ዳጣ?»

«የሱ ሚስት ያዘጋጀችው ዳጣ! ቀይ፣ ሽታው ከቶርኖው እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚሰማ። ትሪው ላይ አስቀመጠው፣ በሱ በኩል። እኛ በኛ በኩል ቆጯችንን በባዶው እናኝካለን። በያጁ ያዩታል፣ ዓይናቸውን ይመልሳሉ፤ ያዩታል፣ ይመልሳሉ። በስተመጨረሻ ‹አንተ፣ ይህ ነገር ያቃጥላል?› አሉት። ‹ያቃጥላል፣ አባባ› አላቸው። ‹እስቲ...› አሉና በራሳቸው እጅ፣ ዳሩን ተሻግረው ጠቀሱ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሱ! በርበሬው ነው። ዕንባቸው እየወረደ ‹ጎበዝ ሚስት አለችህ› አሉት። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ገባ፣ ከዚያ ሁሉም። ሰውየው በነሱ እጅ መካከል የራሱን ዳጣ ለመጥቀስ ወረፋ ጠበቀ።»

ተንበርክኮ ከጣሳው ውኃ ፊቱ ላይ ረጨ። ከዚያ ካጠገቤ ተቀመጠና እጁን ወደ ሳህኔ ሰደደ። ከእንጀራው ዳር ጀመረ።

«እዚያ በልተህ አልመጣህም እንዴ?» አልኩት።

«እዚያ የበላሁትማ ሥራ ነው» አለኝ።